ወርቁ ሲያልቅ ምን ይቀራል? ስለ ባሕላዊ ወርቅ ማምረትና ዘላቂ ልማት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ለባሕላዊ ወርቅ አምራች ማኅበራት፣ ለወረዳ ባለሙያዎችና ወርቅ በሚወጣበት አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ሻኪሶም ሆነ አሶሳ፣ ዲማም ሆነ ትግራይ ጥያቄዎቹ ብዙም አይለያዩም።

ማዕድን አንዴ ከወጣ አይመለስም። ታዲያ እንዴት ነው «ዘላቂ ልማት» ውስጥ የሚገባው?

ማዕድኑ ራሱ ዘላቂ አይደለም፤ እንዲሆንም አይጠበቅም። ደን ቢቆረጥ መልሶ ይተከላል፤ ከወንዝ ደለል ታጥቦ የወጣ ወርቅ ግን ተተኪ የለውም። መጠየቅ ያለበት ወርቁ ሲወጣ በምትኩ ምን ተገኘ፣ ምንስ ጠፋ የሚለው ነው። ወርቁ ከዋጋው በታች ተሽጦ፣ ማሳው ጉድጓድ ሆኖ፣ ወንዙ ደፍርሶ፣ ቆፋሪው ሳንባውን ታሞ ከቀረ አካባቢው ከስሯል። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ካጸደቃቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች መካከል በማዕድን ስም የተሰየመ የለም። ነገር ግን የውሃው፣ የጤናው፣ የሥራው፣ የመሬቱ ግብ ሁሉ ወርቅ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ይገናኛሉ።

ከዚህ በታች ስለ ማጠብ፣ ስለ ማቅለጥና ስለ ሚዛን በሰፊው የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙው ወርቅም ብዙው ጤናም የሚጠፋው እነዚህ ላይ ነው።

ባሕላዊ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ምን ያስፈልጋል?

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባሕላዊ የማዕድን ሥራ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። መነሻው በአብዛኛው የወረዳው የማዕድን ጽሕፈት ቤት ነው። ባሕላዊ የሚባለው በዋናነት በሰው ጉልበት፣ በዶማ፣ በአካፋና በገበቴ የሚሠራ ነው። ኤክስካቫተር ከገባ ሥራው ባሕላዊ መሆኑ ቀርቷል። ማኅበሩ የራሱን ፈቃድ ለባለ ማሽን ቢያከራይ ደግሞ ለሚፈርሰው መሬት በሕግ ፊት የሚጠየቀው ፈቃዱ ላይ ስሙ የተጻፈው ነው።

አንድ ተደጋጋሚ ስህተት አለ፤ የቦታው ኮኦርዲኔት (መገኛ ቁጥር)። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት «አዲንዳን» በሚባለው መለኪያ ነው። ስልክና ጂፒኤስ የሚያነቡት ደግሞ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። የአንዱን ቁጥር ከሌላው ካርታ ላይ ብታስቀምጡት ቦታው ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይሸሻል። በጠባብ የወንዝ ዳርቻ ላይ ይህ ማለት ፈቃዳችሁ የጎረቤት ማኅበር ጉድጓድ ላይ አረፈ ማለት ነው። ቁጥሩ በየትኛው መለኪያ እንደተወሰደ ቅጹ ላይ አስጽፉ። ማዕዘኖቹን ከባለሙያው ጋር በእግር ዙሩ፤ ድንጋይ ከምሩባቸው።

መሬቱ የኔ ነው። ወርቁስ?

ወርቁ የእርስዎ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። የእርስዎ የሆነው የመጠቀም መብቱ፣ በመሬቱ ላይ ያፈሩት ሀብትና ያ ሲነካ የሚከፈለው ካሳ ነው። ማኅበሩ ወደ ማሳ ከመግባቱ በፊት የሰብሉ፣ የዛፉ፣ የቡናው ቆጠራ በጽሑፍ ይያዝ፤ ፎቶም ይነሣ። ጉድጓዱን መልሶ የሚሞላው ማን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚሞላም እዚያው ውል ላይ ይግባ። «ከጨረስን በኋላ እንነጋገራለን» የሚባለው ነገር ከመጨረሻው ግራም በኋላ ሰሚ አያገኝም።

ቀኑን ሙሉ አጥበን የምናገኘው ትንሽ ነው። ወርቁ የለም ወይስ እየጠፋብን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ እየጠፋ ነው። ለማረጋገጥ ከማጠቢያው ሳጥን (ውሃ የሚወርድበት፣ ወለሉ ወርቅ በሚይዝ ምንጣፍ የተነጠፈ ተዳፋት ሳጥን) ጫፍ የሚወርደውን ዝቃጭ አንድ ገበቴ ሙሉ ተቀብላችሁ በጥንቃቄ እጠቡት። ቢጫ ከታየ አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት ማጠቢያችሁን አስተካክሉ። ወርቅ ከውሃ 19.3 ጊዜ ይከብዳል፤ ተራው ነጭ ድንጋይ፣ ኳርትዙ፣ 2.65 ጊዜ ብቻ። ይህን ያህል ልዩነት እያለ ወርቅ አምልጦ የሚሄደው በሚከተሉት ምክንያቶች ነው።

ተዳፋቱ ከልክ በላይ ሲሆን ደቃቁ ወርቅ ምንጣፉ ላይ ሳያርፍ ይወሰዳል። ለእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ዝቅታ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ እያያችሁ ታስተካክላላችሁ፤ አሸዋው ምንጣፉ ላይ ከተከመረ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ምንጣፉ ባዶውን ከታየ ዝቅ አድርጉ።

ትልቅ ጠጠርና ደቃቅ አፈር አንድ ላይ ሲገባም ይጠፋል። ጠጠሩን ለመግፋት ብዙ ውሃ ትለቃላችሁ፤ ያ ውሃ ደቃቁን ወርቅ ጠራርጎ ይሄዳል። አስቀድማችሁ በወንፊት ለዩ። የወንፊቱ ቀዳዳ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን በአብዛኛው ደለል ላይ ይሠራል። ከላይ የቀረውን ጠጠር ግን ሳታዩ አትድፉት፤ ትልቅ እንክብል ወርቅ የሚቀረው እዚያ ነው።

ጭቃው ሌላው ሌባ ነው። ያልሟሟ የጭቃ እንክብል ምንጣፉ ላይ እየተንከባለለ ያረፈውን ወርቅ ለቅሞ ይዞ ይወጣል። ጭቃማ አፈር ከሆነ በበርሜል ወይም በተቆፈረ ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በአካፋ እያማሰላችሁ ውሃው እንደ ሾርባ እስኪሆን አሟሙት፤ ከዚያ ነው ወደ ሳጥኑ የሚገባው።

ምንጣፉንም ማታ ብቻ ማጠብ ስህተት ነው። ጥቁር አሸዋው የምንጣፉን ጸጉር ከሞላው በኋላ የሚመጣው ወርቅ የሚያርፍበት አያገኝም። አፈሩ ጥቁር አሸዋ የሚበዛበት ከሆነ በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ አውጥታችሁ በባልዲ ውሃ እጠቡት። ወርቁ ገበቴው ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ ዘይት ነክቶታል ማለት ነው፤ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ያሰጥመዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ወንፊትና የተሻለ ምንጣፍ ነው። ሦስት ሜትር ተጨማሪ ከመቆፈር ይረክሳል፤ መሬትም አይነካም።

ሜርኩሪ (ባዜቃ) ካልተጠቀምን ደቃቁን ወርቅ እንዴት እናወጣለን?

በቅድሚያ ሜርኩሪ ሁሉን ይይዛል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። ዝገት ወይም ዘይት የለበሰ ወርቅ ሜርኩሪ አይዘውም። ያልተጣራ አለት ላይ ሜርኩሪ ጨምሮ መፍጨት ደግሞ ሜርኩሪውን ራሱን ወደ ብናኝ ጠብታ ይለውጠዋል። ጠብታው የያዘውን ወርቅ ይዞ ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል። ስለዚህ ለገዛችሁት ሜርኩሪም፣ ለጠፋው ወርቅም፣ ለተበከለው ወንዝም ትከፍላላችሁ።

በዓለም ላይ ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ሜርኩሪ ትልቁ ድርሻ፣ ከሲሶ በላይ፣ የሚመጣው ከባሕላዊና ከአነስተኛ ወርቅ ማምረት ነው። በ2013 የጸደቀውና በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት አራት ነገሮች እንዲቀሩ ይጠይቃል፤ ያልተጣራን አለት ሙሉውን በሜርኩሪ ማሸት፣ የሜርኩሪና የወርቁን ቅይጥ በክፍት እሳት ማቃጠል፣ በመኖሪያ አካባቢ ማቃጠል፣ ሜርኩሪ የነካውን ዝቃጭ ሜርኩሪው ሳይወገድ በሳይናይድ (ወርቅን በሚያሟሟ መርዘኛ ኬሚካል) ማጠብ።

ያለ ሜርኩሪ የሚሠራው መንገድ ማጣራትና በቦራክስ (ሲቀልጥ እንደ መስታወት በሚሆን ነጭ ዱቄት) ማቅለጥ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦

1. ከምንጣፉ የወጣውን ጥቁር አሸዋ በገበቴ ደጋግማችሁ አጥሩ፤ የምትፈልጉት ወርቁ ከሚታይ ጥቂት ማንኪያ አሸዋ ጋር ሲቀር ነው።
2. አድርቁት። ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከላይ በማንዣበብ ማግኔት የሚስበውን ጥቁር አሸዋ አንሡ። ማግኔቱን በቀጥታ አትንከሩት፤ ወርቁን በመሃል ይዞ ይወጣል። የተነሣውን አሸዋም አንድ ጊዜ መልሳችሁ እዩት።
3. የቀረውን ከእኩል እስከ ሦስት እጥፍ ከሚሆን ቦራክስ ጋር ቀላቅሉ፤ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጋችሁ በቀጭን ላስቲክ ጠቅልሉት። ጥቅሉ የወናፉ ንፋስ ዱቄቱን እንዳይበትነው ነው።
4. በሸክላ ማቅለጫ አድርጋችሁ በከሰልና በወናፍ አንድዱት። ቦራክስ በ743 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ሌላውን ማዕድን ያሟሟውና እንደ መስታወት ይይዘዋል። ወርቁ 1064 ዲግሪ ላይ ቀልጦ በክብደቱ ከታች ይሰበሰባል።
5. ሲቀዘቅዝ ስበሩት። ጥቁሩን መስታወት አትጣሉት፤ በውስጡ ጥቃቅን የወርቅ ፍንጣሪ ካለ ወቅጣችሁ እንደገና እጠቡት።

ይህ መንገድ የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ በአንደኛውና በሁለተኛው ደረጃ ነው። ያልተጣራ አሸዋ ብዙ ቦራክስና ብዙ ከሰል ይበላል፤ ወርቁም መስታወቱ ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። የቢጫ ነሐስ መልክ ያለው፣ ሲሞቅ ድኝ የሚሸት ማዕድን የሚበዛበት የአለት ወርቅም በዚህ ብቻ አይገራም።

ሜርኩሪ መጠቀም ገና አላቆምንም። ጉዳቱን እስከዚያው እንዴት እንቀንስ?

የሜርኩሪ ትልቁ መግቢያ ሳንባ ነው። ከተሳበው ትነት 80 በመቶ የሚሆነው ወደ ደም ይገባል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መርሳት፣ የድድ መቁሰልና የኩላሊት ጉዳት ቀስ ብለው ይመጣሉ፤ ብዙ ሰው ድካም ነው ብሎ ያልፋቸዋል። ለጽንስ እጅግ አደገኛ ነው። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ማቃጠያው አጠገብ መቆም የለባቸውም፤ የተቃጠለበት ድስት ወይም ምጣድ ወደ ማብሰያ አይመለስም። በጨርቅ አፍን መሸፈን ትነቱን አያግደውም።

ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ይፈላል። በዝግ ማትነኛ፣ ሪቶርት በሚባለው፣ ካተናችሁት ግን ትነቱ ቀዝቅዞ ተመልሶ ይገኛል፤ በአግባቡ ከተሠራ ከ90 በመቶ በላይ። ከውሃ ቱቦ ዕቃ በአካባቢ ብየዳ ቤት ይሠራል፤ በብሎን የሚታሰር ወፍራም የብረት ጽዋ፣ ከክዳኑ ወጥቶ ወደ ታች የሚያዘነብል የብረት ቱቦ፣ ከጫፉ ሥር ውሃ የያዘ ዕቃ። ዚንክ የተለበጠ፣ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዕቃ አይሆንም፤ ሜርኩሪው ይይዛቸዋል፣ ዚንኩም ራሱ መርዘኛ ጭስ ይሰጣል።

ሁለት ነገር ይበላሽበታል። የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ከገባ እሳቱ ሲቀንስ ጽዋው ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ውሃው የጋለ ብረት ሲያገኝ ይፈነዳል። ጫፉን ከውሃው ወለል በላይ ትንሽ አንሡት፣ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ቱቦውንም በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለላችሁ አቀዝቅዙት። ሁለተኛው ትዕግሥት ማጣት ነው። ጠብታው ከቆመ በኋላም ሃያ ደቂቃ ያህል አሙቁት፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አትክፈቱት። ሙቅ ሆኖ የተከፈተ ሪቶርት ያዳነውን ትነት ሁሉ ፊታችሁ ላይ ይለቀዋል።

ከሪቶርቱ የሚወጣው ቡናማ ስፖንጅ የመሰለ ወርቅ አሁንም ጥቂት ሜርኩሪ አለበት። ወርቅ ቤት ሲቀልጥ ያ ይተናል፤ ከተማ መሀል፣ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ። የሚያቀልጠው ሰው ይህን እንዲያውቅ ንገሩት።

ሳይናይድ የሚያመጡ ሰዎች «ከዝቃጩ ወርቅ እናወጣለን» ይላሉ። እንፍቀድ?

አትፍቀዱ። ሳይናይድ በትልልቅ ማምረቻዎች የሚሠራበት የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ያለማቋረጥ እየተለካ ከ10.5 በላይ ስለሚያዝ ነው። ፒኤቹ ወደ 9.2 ሲወርድ ግማሹ ገዳይ ጋዝ ይሆናል። ወንዝ ዳር በላስቲክ በተነጠፈ ጉድጓድ ይህን የሚቆጣጠር የለም፤ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ብቻ ፒኤቹን ያወርደዋል፣ ጉድጓዱንም ሞልቶ ወደ ወንዙ ያፈስሰዋል። ዝቃጩ ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ ሳይናይዱ ሜርኩሪውን ያሟሟውና በውሃ ርቆ የሚሄድ ያደርገዋል።

የአለት ወርቅ ቤት ወስደን ብንፈጨው ችግር አለው?

አለው፤ የናይጄሪያዋ ዛምፋራ የሆነውን ማወቅ ይበቃል። በ2010 እ.ኤ.አ. እርሳስ የበዛበትን የወርቅ አለት በመኖሪያ ግቢ እየፈጩ በነበሩ መንደሮች በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ ሞቱ። የተቆፈረው ወርቅ ነው፤ የገደለው ከወርቁ ጋር የወጣው አቧራ። እርሳስ ያለበትን አለት፣ ካልተመረመረ በቀር፣ ሰው በዓይኑ አይቶ መለየት አይችልም። እርሳስ ባይኖር እንኳ የነጭ ድንጋዩ ደረቅ ብናኝ ሳንባ ላይ መድኃኒት የሌለው ጠባሳ ይጥላል፤ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። ወፍጮው ከመንደር ይራቅ፣ ንፋስ ወደ መንደሩ የማይነፍስበት ይሁን፤ አለቱ ከመፈጨቱ በፊትም በመፈጨት ላይ እያለም ውሃ ይርከፈከፍበት። የሥራ ልብስ ለብሶ ወደ ቤት መግባት የለም፤ ሕፃኑን የሚያቅፈው ያ ልብስ ነውና።

ጉድጓድ የሚናደው ለምንድን ነው?

ደለል ወርቅ ከላይ አይቀመጥም። ጎርፍ ለዘመናት እያሽከረከረ ከታች፣ ከአለቱ ወለል ላይ ባለች ስስ የጠጠር ንጣፍ ያስቀምጠዋል። ቆፋሪው ቀጥ ብሎ ወርዶ ንጣፏን ሲያገኝ የላይኛውን አፈር ማንሣት ስለሚከብደው በጎን ይቦረቡራል። የሚገድለው ይህ ጎን መቦርቦር ነው። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ደረቱ ድረስ የተቀበረ ሰው እንኳ መተንፈስ አይችልም። የወሎ ደላንታ የኦፓል (የከበረ ድንጋይ) ቆፋሪዎችም ያው ችግር አለባቸው፤ ገደሉ ላይ ያለችውን ቀጭን ንጣፍ እየተከተሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ጣሪያውን የያዘው ግን የለም።

ከሰው ቁመት በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ በደረጃ ይቆፈር፤ አንድ ሜትር ወርዳችሁ አንድ ሜትር ወደ ጎን፣ እንደገና አንድ ሜትር። አሸዋማ ከሆነ ከዚህም ይስፋ። የወጣው አፈር ከአፉ ቢያንስ የጉድጓዱን ጥልቀት ግማሽ ያህል ይራቅ፤ ጫፉ ላይ የተቆለለ አፈር ግድግዳውን ይገፋዋል። ከዝናብ በኋላ ዳሩ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ የዚያ ቀን ሥራ ቀርቷል።

የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ሞተርን ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ሰው ባይናድበትም ይገድላል። ጭሱ ሽታውም ሳይታወቅ ያፈዛል፤ ወድቆ የታየውን ለማውጣት የወረደው ሁለተኛውና ሦስተኛውም ይቀራሉ። ሞተሩ ከላይ፣ ጭሱም ከጉድጓዱ አፍ በተቃራኒ ይሁን። ሰው ከወደቀ ከላይ በገመድ ይሳባል፤ ስለዚህ ገመዱ ከመጀመሪያው ወገቡ ላይ መታሰር አለበት። ሻማ ማውረድ የኦክስጅን ማነስን እንጂ ይህን ጭስ አያሳይም።

ገዢው «ካራቱ ዝቅ ያለ ነው» ሲለን በምን እንከራከራለን?

በሚዛንና በአንድ ብርጭቆ ውሃ። 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ከሚታወቅ የመፈተሻ ክብደት ጋር በየጊዜው አስተያዩት።

የቀለጠውን ወርቅ በደረቁ መዝኑ፤ ለምሳሌ 20.00 ግራም ሆነ። ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱ። ወርቁን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ውሃው ውስጥ አስምጡት፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የወርቁ መጠነ ይዘት ነው። 1.10 ካሳየ 20 ለ1.10 ሲካፈል 18.2 ገደማ ይመጣል፤ የተቀላቀለው ብር ከሆነ ይህ ወደ 92 ወይም 93 በመቶ፣ 22 ካራት ማለት ነው። 1.25 ካሳየ 16 ይሆናል፤ 75 በመቶ፣ 18 ካራት ገደማ። በእነዚህ ሁለት ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት 0.15 ግራም ብቻ መሆኑን ልብ በሉ፤ ክሩ ላይ የተለጠፈ የአየር አረፋ ውጤቱን ያዛባል። ወርቁ በውስጡ አረፋ ወይም ድንጋይ ካለው ቁጥሩ ካራቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ስለዚህ ጥሬው ደለል ወርቅ ሳይቀልጥ በዚህ አይለካም። ተንግስተን የሚባል ብረትም ክብደቱ ከወርቅ ጋር እኩል ስለሆነ ይህ ዘዴ አስመስሎ የተሠራን አይለይም። ያ የገዢው ሥጋት ነው እንጂ የእናንተ አይደለም።

ዋጋውን ለማስላት ዓለም አቀፉ ዋጋ የሚነገረው በአውንስ ነው፤ የወርቅ አውንስ 31.1035 ግራም ነው። የአውንሱን ዋጋ በዚህ አካፍሉ፣ በንጽሕናው አባዙ። የአውንሱ ዋጋ 3,110 ዶላር ቢሆን የንጹሑ ግራም ወደ 100 ዶላር፣ የ22 ካራቱ ወደ 91.7 ዶላር ይሆናል። ገዢው ከዚህ ላይ ትርፉን ይቀንሳል፤ ይቀንስ። ስንት እንደሚቀንስ ግን ታውቃላችሁ።

ለባንክ ብንሸጥ ይሻላል ወይስ ለደላላ?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የባሕላዊ አምራቾችን ወርቅ ይገዛል። ወርቁ ወደ ባንክ የመምጣትና አለመምጣቱ ነገር በሥነ ምግባር ትምህርት አይፈታም። በይፋዊው የውጭ ምንዛሪና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ወርቁ በድንበር ይወጣል፤ ሲጠብ ይመለሳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ወደ ባንኩ የሚገባው ወርቅ በእጅጉ መጨመሩ ይህንኑ አሳይቷል። ደላላ የሚያሸንፈው አንዳንዴ በዋጋ አይደለም፤ አስቀድሞ ጤፍ፣ ናፍጣና ሜርኩሪ በዱቤ ስለሚሰጥ ነው። ዱቤው ዋጋውን አስቀድሞ ቆርጦታል። ማኅበሩ ከየሽያጩ ጥቂት እየቆጠበ የራሱን የነዳጅና የስንቅ ገንዘብ ካላቆመ የባንክ ዋጋ ቢጨምርም ትርፉ የደላላው ይሆናል።

የሮያሊቲ ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ሮያሊቲ፣ አምራቹ ስላወጣው ማዕድን ለመንግሥት የሚከፍለው፣ የሚሰላው ከሽያጩ ላይ ነው፤ አምራቹ ቢከስርም ይከፈላል። የገቢ ግብር ከትርፍ ላይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 እና 98 መሠረት ከከፍተኛ የማዕድን ሥራ የሚገኘው ገቢ የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው የክልሉ። ከክልሉ ወደ ወረዳውና ወደ ቀበሌው ምን ያህል እንደሚወርድ ደግሞ የክልሉ ውሳኔ ነው፤ መንገድና ትምህርት ቤት የሚጠይቅ ነዋሪ ጥያቄውን ማቅረብ ያለበት ለክልሉ ምክር ቤት ነው። ኢትዮጵያ በ2014 እ.ኤ.አ. የማዕድን ገቢን ግልጽነት የሚከታተለውን ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ ተቀላቅላለች፤ ኩባንያዎች ከፈልን የሚሉትና መንግሥት ተቀበልኩ የሚለው ጎን ለጎን እንዲታይ የሚያደርግ አሠራር ነው።

ትልቅ ኩባንያ ሊገባ ነው ተብሏል። ምን እንጠይቅ?

በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት መሆንና የነዋሪው አስተያየት መወሰድ አለበት። ሕገ መንግሥቱም፣ አንቀጽ 43 ላይ፣ ማኅበረሰቡ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ የመመካከር መብት ሰጥቶታል። ሰነዱ ብዙ ገጽ ነው፤ ሁሉን ማንበብ ካልቻላችሁ አራት ነገር ፈልጉ።

የመጀመሪያው ከሥራው በፊት የተወሰደ የውሃ ምርመራ ነው። የወንዙና የምንጩ ውሃ ማዕድኑ ከመነካቱ በፊት ምን እንደነበር ካልተመዘገበ፣ በኋላ ከብት ሲሞት ሁሉም «ድሮም እንዲህ ነበር» ይላል። በበጋም በክረምትም መወሰድ አለበት። ሁለተኛው የዝቃጭ ግድቡ አሠራር ነው፤ በብራዚል ብሩማዲኞ ጥር 2019 እ.ኤ.አ. የተናደው የዝቃጭ ግድብ 270 ሰው ገድሏል። ከግድቡ በታች ማን እንደሚኖር፣ ቢናድ ጭቃው በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ሰነዱ ይናገር። ሦስተኛው መዝጊያው ነው፤ ሲዘጋ መሬቱን የሚያስተካክልበት ገንዘብ አስቀድሞ የት ተቀመጠ? አራተኛው ቅሬታ ነው፤ ለማን ይቀርባል፣ በስንት ቀን ይመለሳል?

በጉጂ ዞን ለገ ደምቢ በ2010 ዓ.ም. ነዋሪው በጤና ጉዳት ቅሬታ አደባባይ ወጥቶ የወርቅ ማምረቻው ፈቃድ ታግዶ ነበር፤ ሥራው የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ክርክሩ ያን ያህል የከረረው አንዱ ምክንያት ሁሉም ወገን የሚያምነው፣ በየጊዜው ለሕዝብ የሚነገር የውሃና የጤና መረጃ አለመኖሩ ነው ብለን እናምናለን። ኩባንያውም በዚያ ተጎድቷል።

የተቆፈረውን መሬት እንዴት ነው ወደ እርሻ የምንመልሰው?

ሥራው የሚጀምረው በመጀመሪያው ቀን ነው። ከላይ ያለው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ጥቁር አፈር ለብቻው ይገፈፍና ለብቻው ይከመር፤ ክምሩ ከሁለት ሜትር አይብለጥ፣ ከፍ ካለ ውስጡ አየር አጥቶ ይሞታል። ሳር ቢዘራበት ጎርፍ አይወስደውም። ይህ አፈር ከሥር ከወጣው ጠጠር ጋር አንዴ ከተደባለቀ በኋላ ምንም ያህል ቢደከም ማሳው ማሳ አይሆንም።

በመስመር ቆፍሩ። የሁለተኛው ጉድጓድ አፈር በቀጥታ የመጀመሪያውን ይሙላ፣ የሦስተኛው ሁለተኛውን። እንዲህ ከሆነ አፈሩን የምታነሡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁሉን ቆፍራችሁ በመጨረሻ ለመሙላት ከተነሣችሁ ግን ሁለት ጊዜ ታነሡታላችሁ፣ ለሁለተኛው የሚከፍል ደግሞ አይገኝም። ከታች ድንጋዩና ጠጠሩ፣ ቀጥሎ አሸዋው፣ ከዚያ ጭቃው፣ ከላይ ጥቁሩ አፈር። አፈሩ በአንድ ክረምት ዝቅ ስለሚል ከአካባቢው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሙሉት። ሜርኩሪ የነካ ዝቃጭ ከዚህ ጋር አይደባለቅም፤ ከወንዙና ከጉድጓድ ውሃ ርቆ፣ በጭቃ በተለበጠ ቦታ ተሸፍኖ ይቀመጣል።

የመጀመሪያውን ዓመት እህል አትዝሩበት። ዳገቱ ላይ ቬቲቨር ሳር በቁመት መስመር ሳይሆን ዳገቱን በሚያቋርጥ መስመር፣ በየ10 እና 15 ሳንቲሜትሩ ይተከል፤ ሜዳው ላይ ጥራጥሬ ወይም የከብት መኖ ይዘራ። ፍግ ካለ ከላይ ይበተን። ወንዙ ዳር የቀረ፣ መሙላት ያልተቻለ ኩሬ ካለ ደግሞ ዳሩ በአንድ ወገን ሰው ተራምዶ መውጣት እስኪችል ይደልደል። ከብትም ልጅም ገብቶ የሚቀረው ዙሪያው ቀጥ ያለ ኩሬ ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ የወባ ትንኝ የሚፈላውም እዚያው ነው። ስለዚህ ከመስከረም በፊት ውሃው የሚወጣበት ቦይ ይቀደድለት።